ለጀልባ ትሬለር ጣውላ ከመግዛታችሁ በፊት

ጀልባችሁ አሉሚኒየም ከሆነ፣ ያንን እንዳይበሰብስ መድኃኒት የጠጣ አረንጓዴ ቢጤ እንጨት ከሥሩ አታድርጉ። ዝርዝሩን ቀስ ብለን እናየዋለን። ይሄን ግን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ እዚህ አሜሪካ እንጨት መሸጫ ገብታችሁ "ውሃ የማያበሰብሰው ጣውላ እፈልጋለሁ" ብትሉ፣ ሻጩ በቅን ልቡ ቀጥታ የሚወስዳችሁ እሱ ጋ ነውና።

እኔ ይህን ያወቅኩት ከከሰርኩ በኋላ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገለ፣ 16 ጫማ ርዝመት ያለው፣ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ የአሉሚኒየም ጀልባ በመኪና ተጎትቶ ከሚጓጓዝበት ትሬለር ጋር ገዛሁ። ትሬለሩ ላይ ያሉት ጣውላዎች አዲስ ነበሩ። ጀልባውን እንዳይጭሩ የለበሱት ምንጣፍም ንጹህ ነበር፤ እንዲያውም ልቤን የሳበው እሱ ነው። በሁለተኛው ዓመት ፖቶማክ ወንዝ ላይ ዓሣ እያጠመድን እግራችን ሥር ውሃ ማየት ጀመርን። ጀልባውን አውርደን፣ ገልብጠን ስናየው፣ ጣውላዎቹ በሚነኩበት መስመር ላይ ብቻ፣ ግራና ቀኝ፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ስንጠርገው ከሥሩ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ወጣ። ሌላው የጀልባው ሆድ ምንም አልሆነም። ጣውላውን የቀየረው ሰው ክፋት አልነበረውም፤ የተሻለ ያለውን እንጨት ነው የገዛው።

ጀልባው ትሬለር ላይ ሲወጣ የሚተኛባቸውን እነዚህን ረጃጅም ጣውላዎች እዚህ ሰዎች "በንክ" ይሏቸዋል። እኔ ማረፊያ ጣውላ ልበላቸው። አብዛኞቻችን ጀልባችንን ውሃ ላይ የምናውለው በዓመት ጥቂት ቀን ነው። የቀረውን ጊዜ ጀልባው እነዚህ ጣውላዎች ላይ ተኝቶ፣ ዝናብ እየመታው፣ በረዶ እየወረደበት ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ስለ ሞተርና ስለ ዓሣ መፈለጊያ ስክሪን ከማውራታችን በፊት ወደ ሥሩ እንውረድ።

1. ጀልባው ከምን እንደተሠራ እወቁ

ፋይበር ግላስ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። መድኃኒት የጠጣውን ጣውላ መጠቀም ትችላላችሁ፣ ብዙ ዓመትም ያገለግላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለው፦ ቡሎኑ ተራ ብረት አይሁን። በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ወይም ስቴንለስ ይሁን፤ እንጨቱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ተራ ብረት ይበላል።

አሉሚኒየም ከሆነ ግን መድኃኒቱ ራሱ ጠላት ነው። እንጨቱን ከመበስበስ የሚያድነው ውስጡ ያለው መዳብ ነው። መዳብና አሉሚኒየም በመሃላቸው ውሃ ሲገባ እንደ ትንሽ ባትሪ ይሠራሉ፣ በዚህ ባትሪ ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ውሃው ጨው ካለበት፣ ለምሳሌ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ ነገሩ ይፈጥናል።

"ምንጣፍ በመሃል አለ አይደል፣ መቼ ተነካኩ?" የሚል ሰው ብዙ ነው። ምንጣፍ ግን ውሃ አይከለክልም፣ ውሃ ይይዛል። ከእንጨቱ የሚወጣው መዳብ በዚያ እርጥብ ምንጣፍ ውስጥ አልፎ ብረቱ ጋ ይደርሳል። እኔ ጀልባ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ሌላ የምሰማው ደግሞ "አባቴ ሃያ ዓመት ተጠቅሞበታል፣ ምንም አልሆነም" የሚል ነው። ሰውየው አልዋሸም ይሆናል። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ ለመኖሪያ ቤት ሥራ ይሸጥ የነበረው የድሮው እንጨት ሲሲኤ የሚባለውን፣ አርሴኒክ ያለበትን መድኃኒት የጠጣ ነበር። እሱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ ነው ለዚህ አገልግሎት የተመረተው። በቦታው የመጡት ኤሲኪው እና ሲኤ የሚባሉት አርሴኒኩን ትተው በመዳብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፣ ብረት ላይም ይበልጥ ይከፋሉ። ስለዚህ የአባትየው እንጨትና ዛሬ የምትገዙት እንጨት አንድ አይደሉም። ስትገዙ የጣውላውን ጫፍ እዩ፤ እዚያ የተመታች ትንሽ ወረቀት አለች፣ የመድኃኒቱ ስም እሷ ላይ ተጽፏል።

በነገራችን ላይ በቆርቆሮ የሚሸጠው አረንጓዴ የእንጨት መድኃኒትም አብዛኛውን ጊዜ መዳብ አለበት። ደህናውን እንጨት ገዝታችሁ እሱን ብትቀቡት ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ።

2. እንጨቱን ምረጡ

ለአሉሚኒየም ጀልባ የሚሆነው መድኃኒት ያልነካው እንጨት ነው። ከነዚህ ውስጥ የተወሰኑት በተፈጥሯቸው መበስበስን ይቋቋማሉ። ሳይፕረስ ጥሩ ነው፣ በተለይ ከግንዱ መሃል የተሰነጠቀው። ዋይት ኦክም ጠንካራ ነው። እዚህ ላይ አትሳሳቱ፤ ሬድ ኦክ ሌላ ነገር ነው። የሬድ ኦክ ቀዳዳዎች ክፍት ናቸው፣ ውሃ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሄድባቸዋል። የዋይት ኦክ ቀዳዳዎች ግን በተፈጥሮ የተደፈኑ ናቸው። ለዚህ ነው የወይንና የውስኪ በርሜል ከሱ የሚሠራው። መደብር ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተደርድረው ይገኛሉ፣ ዋጋ አይታችሁ ብቻ አታንሱ።

ሳይፕረስና ዋይት ኦክ በሁሉም ቦታ አይገኙም፣ ዋጋቸውም ይከብዳል። እኔ የመረጥኩት ዳግላስ ፈር ነው። መድኃኒት ያልጠጣ፣ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ ያልበዛበት። በተፈጥሮው እንደ ሳይፕረስ አይቋቋምም፣ ግን ጠንካራ ነው፣ ይገኛል፣ በደንብ ከተቀባ ዓመታት ይቆያል። ሲያልቅ ሁለት ጣውላ መቀየር ነው። የአሉሚኒየም ጀልባ ሆድ ከማስበየድ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ለበረንዳ የሚሸጠው የፕላስቲክና የእንጨት ድብልቅ ጣውላስ? አይበሰብስም፣ መዳብም የለበትም፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ያስበዋል። ችግሩ ጉልበት የለውም። ለበረንዳ ሲገጠም ከሥሩ በየ16 ኢንቹ ተሸካሚ እንጨት ይደረግለታል። ትሬለር ላይ ግን በአንዱ ተሸካሚ ብረትና በሌላው መካከል ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ጫማ ክፍተት አለ። በበጋ ፀሐይ ላይ ሲቆም ይለሰልስና ወደ ታች ይጎብጣል። ጣውላው ሲጎብጥ የጀልባው ክብደት በሙሉ ብረቶቹ ባሉበት ነጥብ ላይ ብቻ ይወርዳል። አልመክረውም።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለትንሽ ጀልባ "ቱ ባይ ፎር" ይበቃል፣ ከበድ ላለ "ቱ ባይ ሲክስ" ይሻላል። ስሙ 2 በ 4 ይበል እንጂ ትክክለኛ መጠኑ 1.5 በ 3.5 ኢንች ነው። ቡሎን ስትገዙ በስሙ ሳይሆን በትክክለኛው ውፍረት አስሉ።

ይሄ ጣውላ በጎኑ ሲቆም በጠፍጣፋው ከሚተኛበት ይልቅ ከአምስት እጥፍ በላይ መጉበጥን ይቋቋማል። በሌላ በኩል በጠፍጣፋው ሲተኛ የጀልባውን ሆድ የሚነካው ስፋት ይጨምራል፣ ክብደቱም ይሰራጫል። ፋብሪካው በምን አኳኋን እንደገጠመው እዩና በዚያው ቀጥሉ፤ ተሸካሚ ብረቶቹ የተሠሩት ለዚያ ነው። የድሮው ጣውላ ጎብጦ ካገኛችሁት ግን ምልክት ነው። ወይ ወፍራም ጣውላ፣ ወይ በመሃል አንድ ተጨማሪ ተሸካሚ ያስፈልጋል።

3. ለኩ፣ ቁረጡ፣ ቀቡ

የድሮውን ጣውላ ከመጣላችሁ በፊት ለኩት። ግን በጭፍን አትከተሉት፤ እሱም በስህተት ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር የጀልባው የኋላ ግድግዳ ነው፣ ሞተሩ የተንጠለጠለበት። ጣውላው እዚያ ድረስ መድረስ አለበት፣ አንድ ኢንች ያህል ቢያልፍም ጥሩ ነው። አጥሮ ከቀረ የሞተሩ ክብደት አየር ላይ የቀረውን የጀልባውን ጭራ ወደ ታች ይጎትተዋል። መንገድ ላይ በየጉድጓዱ ሲንገጫገጭ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ሆዱ ጣውላው ባለቀበት ቦታ ላይ ይታጠፋል። እንዲህ የታጠፈ ጀልባ ውሃ ላይ ቀጥ ብሎ አይሮጥም፤ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፍቃል።

ጣውላውን ዓይናችሁ ሥር አድርጋችሁ በርዝመቱ እዩት። ትንሽ ቅስት ካለው ቅስቱ ወደ ላይ ይሁን፤ ጀልባው ሲጫንበት ይስተካከላል። የላይኛውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በመላጊያ አለዝቡት። ሹል ጠርዝ ምንጣፉን ቶሎ ይበላዋል።

የቡሎን ቀዳዳዎቹን በትራፓኖ ብሱና ከዚያ ቀቡ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ይቀባና በኋላ ይበሳል፤ ያኔ በእያንዳንዱ ቀዳዳ በኩል ራቁቱን የቀረ እንጨት ውሃ ይጠጣል። ለመርከብ የሚሆን፣ ፀሐይ የሚችል ቫርኒሽ ተጠቀሙ። የመጀመሪያውን ዙር በማቅጠኛ ቀጠን አድርጉት፣ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ ሁለት ሦስት ዙር ሳይቀጥን። የተቆረጡት ሁለት ጫፎች ላይ ግን እጃችሁ አይጠር፤ እንጨት ውሃ የሚጠጣው በዋናነት በጫፉ ነው። የቀዳዳዎቹን ውስጥም በቀጭን ብሩሽ ቀቡ። ሊንሲድ (የተልባ) ዘይት የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ አደራ፣ የነከራችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጋራዥ ውስጥ አትጣሉት፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ ታንኳውን ከውሃ አውጥተው ዳር ላይ አቁመው ያደርቁታል። ደንገል ውሃ እየጠጣ እንደሚከብድና እንደሚበሰብስ ያውቃሉ። እኛም ቀለም ብንቀባ፣ ምንጣፍ ብናለብስ፣ የሚያቆየው መድረቁ ነው። ጣውላውን ስታለብሱ ይሄን አትርሱ፣ አሁን ወደሱ ልመጣ ነው።

4. ማልበስ፦ ምንጣፍ ወይስ ፕላስቲክ?

ምንጣፍ ከመረጣችሁ ለውጭ የሚሆን፣ ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ይሁን። ጀርባው ጎማ የሌለው ብትገዙ ይመረጣል፣ ጎማው ውሃውን እንጨቱ ላይ አፍኖ ይይዘዋል። የቤት ምንጣፍ አይሆንም።

ብዙ ሰው ጣውላውን እንደ ስጦታ ዙሪያውን ጠቅልሎ ይዘጋዋል። ያምራል፣ ግን ውሃው የሚወጣበት የለውም። ከሥር ክፍት ተዉት። ሒሳቡ ይኸውላችሁ፦ በጠፍጣፋው ለተኛ ቱ ባይ ፎር ላዩ 3.5 ኢንች ነው፣ ሁለቱ ጎኖች 1.5፣ 1.5፤ ጠቅላላ 6.5። በየጎኑ ወደ ሥር አንድ አንድ ኢንች ጨምሩ፣ 8.5 ኢንች ስፋት ያለው ምንጣፍ ይበቃችኋል። ከሥር 1.5 ኢንች ክፍት ይቀራል። ውሃው በዚያ ይንጠባጠባል፣ አየርም ይገባል።

ምንጣፉን የምትመቱበት ስቴፕል ስቴንለስ ይሁን። ተራው በአንድ ክረምት ይዝጋል፣ ይበጠሳል፣ ሹል ጫፉ ይወጣና ጀልባውን ይጭራል። ስቴፕል ላዩ ላይ አትምቱ። ከሥር ብቻ፣ በየሁለት ኢንቹ። መጀመሪያ አንዱን ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ምቱ፣ ከዚያ እየወጠራችሁ ሌላውን። ሁለት ሰው ካለ ይቀላል።

ፕላስቲኩ ሌላ አማራጭ ነው። ጣውላው ላይ በቪቴ የሚታሰር ወፍራም፣ የሚያንሸራትት ፖሊኤትሊን ነው። ውሃ አይዝም። ለአሉሚኒየም ጀልባ በዚህ በኩል ከምንጣፍ ይበልጣል። ጀልባውም በቀላሉ ይወጣል፣ ይወርዳል። እዚህ ላይ ግን ቁም ነገር አለ። በጣም ያንሸራትታል። ምንጣፍ የለመደ ሰው ራምፕ ላይ፣ ማለትም ጀልባ ወደ ውሃ የሚወርድበት ተዳፋት ላይ፣ ገና ሳይደርስ የዊንቹን፣ ጀልባውን ትሬለሩ ላይ ስቦ የሚይዘውን መጠምዘዣ፣ ቀበቶ ይፈታና ወደ ኋላ ይነዳል፤ ፕላስቲክ ላይ ያለ ጀልባ ያኔ ተንሸራትቶ ኮንክሪቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ፕላስቲክ ካደረጋችሁ የጀልባው ጭራ ውሃ ውስጥ ገብቶ እስኪንሳፈፍ ድረስ ቀበቶውም ሰንሰለቱም አይፈታ። ጀልባ ለምታውሱት ሰውም ንገሩት።

ፕላስቲክ በሙቀት ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል። ስለዚህ የቪቴውን ቀዳዳ ከቪቴው ትንሽ ሰፋ አድርጉት፣ የቪቴው ራስም ከላይኛው ፊት በደንብ ጠልቆ ይግባ። የእኔ ጀልባ አሁን የተኛው ዳግላስ ፈር ላይ ነው፣ ላዩ ፕላስቲክ። ራምፑ በጣም ተዳፋት በሆነበት አካባቢ የምትኖሩ ወይም ብቻችሁን የምታወርዱ ከሆነ ግን ምንጣፉ ይሻላችኋል።

5. መግጠም

ጀልባውን ምን ላይ አስቀምጠን ነው ጣውላውን የምንቀይረው? ቀላሉ ዘዴ ውሃ ላይ ማውረድ ነው። ጀልባውን መትከያው ላይ እሰሩት፣ ሰው አጠገቡ ይቁም፣ ትሬለሩን ወደ መኪና ማቆሚያው ጎትታችሁ ጣውላውን ቀይሩ። ሁሉ ነገር ተቆርጦ፣ ተበስቶ፣ ለብሶ ከተዘጋጀ በአንድ ሰዓት ያልቃል። የዛጉትን ዳዶዎች ከአንድ ቀን በፊት ዘይት አርከፍክፉባቸው፣ የማይፈታ ካለ ቤት እያላችሁ ነው ማወቅ ያለባችሁ።

ቤት ውስጥ መሥራት ግድ ከሆነ አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። የትሬለሩን ጎማ ከፊትና ከኋላ በጉማጅ እንጨት ያዙት። ጀልባውን በክሪክ ስታነሱ በክሪኩና በጀልባው መካከል ሰፊ ጣውላ አድርጉ፣ ካነሳችሁት በኋላ ወፋፍራም እንጨት ደግፉበት። በክሪክ ብቻ በቆመ ጀልባ ሥር እጅም ራስም አይገባም።

ሁለት ዓይነት ማሰሪያ አለ። አንደኛው ከላይ ገብቶ ከሥር በዳዶ የሚታሰር፣ ራሱ ክብ የሆነ ቡሎን ነው። ጠንካራ ነው፣ ግን ራሱ ቢያንስ ሩብ ኢንች ወደ እንጨቱ ጠልቆ መግባት አለበት። ምንጣፍ ሲያልቅ የቡሎን ራስ ጀልባውን እንደ ሚስማር ይፍቀዋል። ሁለተኛው ከሥር ወደ ላይ የሚገባ ወፍራም የእንጨት ቪቴ ነው። ላዩ ንጹህ ይሆናል፣ እኔም የምወደው እሱን ነው። ርዝመቱን ግን አስሉ፤ የተሸካሚውን ብረት ውፍረት ቀንሳችሁ፣ ወደ 1.5 ኢንቹ እንጨት ውስጥ ከ1 ኢንች ትንሽ በለጥ ብሎ ይግባ፣ ከዚያ አይለፍ። ከሥር ሰፊ ሮንዴላ አድርጉ። መጀመሪያ ሁሉንም ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ጀልባው ሲተኛበት ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ከሆዱ ጋር ይስተካከላሉ፣ ከዚያ አጥብቁ።

አቀማመጡን ከሥር ሆናችሁ እዩ። ጣውላው የጀልባውን ሆድ በሙሉ ርዝመቱ መንካት አለበት። በሆዱ ላይ ያሉት ወጣ ወጣ ያሉ መስመሮች ወይም የሪቬት ረድፎች ጣውላው ላይ አይረፉ፤ በመካከላቸው ይግባ።

የጣውላው ውፍረት ከተለወጠ ጀልባው ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል ማለት ነው። የዊንቹን ምሰሶም አስተካክሉ፤ ቀበቶው ጀልባውን ቀጥታ ወደ ፊት ይጎትት። የመኪናው መንጠቆ ላይ የሚያርፈው ክብደትም እንደገና ይለካ። ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጀልባና ትሬለሩ 1,000 ፓውንድ ከሆኑ 100 ፓውንድ አካባቢ። ለዚህ መጠን የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ይበቃል። በጣም ከቀነሰ ትሬለሩ አውራ ጎዳና ላይ ጅራቱን መወዛወዝ ይጀምራል፣ እሱን ደግሞ ማንም እንዲያይ አልመኝም።

6. አሁን ወደ ጀልባው ውስጥ

ጀልባውን ስታሟሉ እያንዳንዱን ዕቃ በአንድ ጥያቄ አሳልፉት፦ ይሄ ነገር አሉሚኒየሙን ይነካል? ከነካስ እርጥብ ሆኖ ይቆያል?

ወለል ላይ ብዙ ሰው ኮምፔርሳቶ ያደርጋል። ጥሩ ነው፣ ግን መድኃኒት የጠጣ ኮምፔርሳቶ አታድርጉ፤ ያው የመዳብ ነገር ነው። ለመርከብ የሚሠራውን ግዙ፣ ጠርዙን በኤፖክሲ ዝጉ። አቅም ካለ የአሉሚኒየም ላሜራ የተሻለ ነው። 5052 የሚባለው ዓይነት ውሃን በደንብ ይቋቋማል፣ ይቀላል፣ አይበሰብስም።

ቪቴና ቡሎን ስቴንለስ ይሁኑ፣ ግን ስቴንለስም ቢሆን በቀጥታ አሉሚኒየም ውስጥ ሲገባ ከጊዜ በኋላ ይጣበቃል፣ ዙሪያውንም ይበላል። በመሃል የናይለን ሮንዴላ፣ ጥርሱ ላይ ለዚሁ የተሠራ ቅባት አድርጉ። የነሐስ ዕቃ፣ ለምሳሌ የውሃ መውጫ ቧንቧ፣ በቀጥታ አትግጠሙ። የፕላስቲኩ ይበቃል። ከውሃው መስመር በታች ያለ አስፈላጊነት ቀዳዳ አትብሱ።

ሳንቲምም ጠብቁ። የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ላዩ መዳብ ነው፤ ከኪስ ወድቆ ወለሉ ሥር ውሃ ውስጥ ከቆየ ከሥሩ ያለውን አሉሚኒየም ይበላዋል። የዓሣ መንጠቆ እርሳስም እንደዚሁ። በዓመት አንዴ ወለሉን አንሱና ሥሩን ጥረጉ።

ወንበር ሥር የተሞላው ስፖንጅ የመሰለ ፎም ቦታ ይዞብኛል ብላችሁ አታውጡት። ጀልባው ውሃ ቢሞላ እንዳይሰምጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ውሃ ጠጥቶ ከከበደ ግን አውጥታችሁ በአዲስ ተኩት።

ኤሌክትሪኩ ላይ የመኪና መካኒክ ለሆናችሁ አንድ ልዩ ነገር ልንገራችሁ። መኪና ላይ ነጌቲቩ ቦዲው ነው፣ ገመድ ይቆጥባል። ጀልባ ላይ ይሄን ፈጽሞ እንዳታደርጉ። የጀልባው አካል ገመድ አይደለም። መብራትም፣ ፓምፕም፣ ሬዲዮም እያንዳንዱ የራሱ ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ገመድ ይኑረው። በአካሉ በኩል የሚያልፍ ኤሌክትሪክ አሉሚኒየሙን ከመዳቡም በባሰ ፍጥነት ይበላዋል። ገመዱ ቆርቆሮ የተቀባ የመዳብ ገመድ ይሁን፣ ፊውዙ ከባትሪው በ7 ኢንች ርቀት ውስጥ ይቀመጥ። 12 ቮልት ሆኖ 55 ፓውንድ የሚገፋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ ወደ 50 አምፒር ይስባል፤ የ60 አምፒር ማቋረጫና ወፍራም ገመድ ያስፈልገዋል። ቀጭን ገመድ ይግላል።

ባትሪውን የት ማስቀመጥ? ሞተርም፣ ነዳጅም፣ ሰውም ጭራው ላይ ከተከማቸ ጀልባው አፍንጫውን ሰቅሎ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ፊት ላይ ከሆነ ባትሪውንም ወደ ፊት አምጡት። 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ 12 ኪሎ ገደማ ነው፣ ተመሳሳዩ የእርሳስ ባትሪ ከዚያ እጥፍ በላይ ይከብዳል። ዋጋው ይወደዳል፣ ቻርጀሩም ለሊቲየም የሚሆን መሆን አለበት።

ከ20 ጫማ ያነሰ የሞተር ጀልባ ላይ ስንት ሰውና ስንት ፓውንድ እንደሚችል የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ባትሪውም ማቀዝቀዣውም ከዚያ ላይ ይቀነሳል። "አንድ ሰው ቢጨመር ምን ይሆናል" አይባልም።

7. ያለነዚህ አትውጡ

ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት ይኑር፣ ወንበር ሥር የተቀበረ ሳይሆን የተለበሰ። በፌዴራል ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባው ሲጓዝ መልበስ ግዴታው ነው፣ ክልሎቹ ደግሞ የራሳቸው ደንብ አላቸው። ጀልባው 16 ጫማና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ሰው የሚወረወር ተንሳፋፊም ያስፈልጋል። ፊሽካ፣ ለማታ መብራት። ነዳጅ ታንኩ ከጀልባው ጋር የተገጠመ ከሆነ ወይም የነዳጅ ጋዝ የሚታፈንበት ዝግ ክፍል ካለ እሳት ማጥፊያ። እንደገና የማይሞላው ዓይነት ከተመረተ 12 ዓመት ካለፈው አይቆጠርም።

ከሚያዝያ 2021 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ፣ ከ26 ጫማ ባነሰና ሞተር ማጥፊያ ገመድ በተገጠመለት ጀልባ ላይ ነጂው ሲፈጥን ገመዱን ራሱ ላይ ማሰር አለበት። ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩ ይጠፋል። አለበለዚያ ጀልባው ዞሮ በነጂው ላይ ሊመጣ ይችላል።

ፖቶማክ ላይ ለምትወጡ ደግሞ፣ ሜሪላንድ ከሐምሌ 1 ቀን 1972 ጀምሮ የተወለደ ነጂ የጀልባ ደህንነት ትምህርት ወረቀት እንዲይዝ ይጠይቃል፣ ይሄም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ቨርጂኒያም 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሞተር ለሚነዳ ሰው ትምህርቱን ይፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ መውሰድ ይቻላል።

8. የመጀመሪያው ቀን

ራምፑ ጋ ስትደርሱ ወዲያው ውሃ ውስጥ አትግቡ። ረጅም መንገድ የመጣ ትሬለር ኩሽኔታው ግሏል። የጋለ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ውሃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ግሪሱ ይበላሻል። እጃችሁን የጎማው ማዕከል ላይ አድርጋችሁ እስኪበርድ ጠብቁ፣ እስከዚያው ዕቃውን ጫኑ፣ የውሃ መውጫውን ቡሽ ግጠሙ።

ሦስት ጊዜ ያህል ካወረዳችሁና ካወጣችሁ በኋላ ዳዶዎቹን በሙሉ እንደገና አጥብቁ። አዲስ እንጨት ተጭኖ ትንሽ ይሟሽሻል፣ የጠበቀው ይላላል። ጨዋማ ውሃ ከነበረ ትሬለሩንም የጣውላውን ሥርም በንጹህ ውሃ እጠቡ፣ ከዚያ አፍንጫውን ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ቡሽ ተነቅሎ። በሳምንቱ ተመልሳችሁ እጃችሁን በጣውላውና በጀልባው መካከል፣ ክፍተት ባለበት በኩል አስገቡ። አሁንም እርጥብ ከሆነ ጀልባውን የሸፈናችሁበት ሸራ ውሃውን ወደዚያ እየመራው ነው ማለት ነው፤ የሸራውን ጠርዝ ከትሬለሩ ብረት ውጭ እንዲንጠባጠብ አድርጋችሁ እንደገና እሰሩት።